ፍላጻው ሳይነቀል

በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ በፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ቀስት ውርወራ ፍጻሜ፣ ኮሪያዊው ኪም ዉጂን አሜሪካዊውን ብራዲ ኤሊሰንን የረታው በ4.9 ሚሊሜትር ነው። ይህችን በምታህል ልዩነት ወርቅ ሲታጣ ሰው እንዴት አይካሰስም? መልሱ ደንቡ ውስጥ አለ። ነጥቡ እስኪመዘገብ ፍላጻውን ማንም አይነካም። ተወዳዳሪዎቹ ካልተስማሙ ዳኛ ይጠራል፤ ፍላጻው መስመር ከነካ ከፍተኛው ነጥብ ይያዝለታል፤ የዳኛው ቃል ይግባኝ የለውም።

እኛ ዘንድ የምትወደደው ይቺ የመጨረሻዋ ናት። የመጀመሪያዋንማ እንዘላታለን።

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ከራሴ ልጀምር። በመምህርነቴ ዘመን አንድ ተማሪ «ውጤቴ አንሶብኛል፣ ወረቀቴን ያሳዩኝ» ብሎ መጣ። ወረቀቱን ጥዬው ነበር። «አንዴ ተወስኗል» ብዬ ሸኘሁት። ምናልባት ልክ ነበርኩ፤ ማን ያውቃል? ፍላጻውን ነቅሎ ስለ ነጥቡ የሚምል ሰው ግን ዳኛ አይባልም።