ስሙን ስትጠሪው ዞር ይላል?

ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ያለው አል ሳባህ የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1983 በኩዌት ድጋፍ የተሠራ ነው። ወባው፣ የሳንባ ምቹ፣ የምግብ እጥረቱ ለሐኪም ፋታ አይሰጥም። እንዲህ ባለ ወረፋ መሃል፣ ትኩሳቱን ለክቶ ሲያበቃ እናቲቱን በጁባ አረብኛ «ስሙን ስትጠሪው ዞር ይላል? ከማን ጋር ይጫወታል?» ብሎ የሚጠይቅ የሕፃናት ሐኪም ትልቅ አክብሮት ይገባዋል። የኦቲዝምን ምልክት የሚፈልገው ይህ ጥያቄ መሣሪያ አይፈልግም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።

ኦቲዝም እርግማንም የእናት ጥፋትም እንዳልሆነ እሱ ሲናገር አያትም ጎረቤትም ይሰማል። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ፤ ሸክሙን በአብዛኛው የሚሸከሙት እናቶች ናቸው። ሐኪም አብሯቸው ሲቆም ነገሩ ይቀላል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ሐኪሙ ለትምህርት ቤት የሚጽፈው አጭር ደብዳቤ ነው፦ «ጫጫታ ያስጨንቀዋል፤ ፊት ወንበር ይቀመጥ፤ ትእዛዙ አንድ በአንድ ይነገረው።» ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 23 የአካል ጉዳተኛ ልጆችን መብት ያስከብራል፤ ያ ደብዳቤ ደግሞ መብቱን ክፍል ውስጥ ያስገባዋል።