ቀስት ያለባት ቁልፍ

በጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ፣ በሐሙዲ መስጊድ አካባቢ፣ ክሩዝ ኮንትሮል ምን ይሠራል? ዓይነ ስውሩ መሐንዲስ ራልፍ ቲተር የፈለሰፈው ይህ ፍጥነት ጠባቂ፣ እግረኛና ሚኒባስ በሚጋፉበት መንገድ ሥራ ፈት ነው። እኔ የማደንቀው፣ በመኪና ምስል ውስጥ የምትታጠፍ ቀስት የተሳለባትን ቁልፍ ነው (ለጌጥ የተቀመጠች የሚመስለው ሾፌር አይጠፋም)። ስትጫን የውጭውን አየር መግቢያ ትዘጋለች፤ ኤሲው የሐምሌን ከ40 ዲግሪ ያለፈ ወላፈንና የሚኒባሱን ጭስ ትቶ፣ አንዴ የቀዘቀዘውን አየር መልሶ ያቀዘቅዛል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ግን አስቀድሞ መስኮቱ ይከፈት፤ ውስጡ ከውጭው ይብሳልና። ወደ ጋላፊ የሚያቀኑ ሾፌሮቻችንም ከከተማ እንደወጡ ቢያጠፏት ይሻላል፤ ታፍኖ የቆየ ትንፋሽ በረጅሙ መንገድ ላይ ያደነዝዛል።