በኤፍ ብዛት የሚኮራ መምህር

ባለፈው የሴሚስተር እረፍት የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጣና ቡና እየጠጣን ውጤቱን ጠየቅሁት። አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ፣ ካልኩለስ ላይ ዲ ነው ያመጣሁት። ሒሳብ ጭንቅላት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ የለኝም መሰለኝ።»

እናንተዬ! በትምህርት ቤቱ አንደኛ እየወጣ ያደገ ልጅ ነው ይህን የሚለው።

«ከማን ጋር ነው የምታጠናው?» አልኩት።

«ብቻዬን ነዋ። ዶርም ውስጥ ሁሉም ለየራሱ ነው። አለማወቅህን ጠይቀህ ለምን ታሳውቃለህ?»

በዚህ መልስ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን በመምህራን ክበብ ሻይ ስንጠጣ አንድ የሒሳብ መምህር «ዘንድሮ የክፍሉን ግማሽ በኤፍ ጠረግኩት» ሲል ሰምቼ አብሬ ስቄያለሁ። ግማሹ በሽተኛ እጁ ላይ የሞተበት ሐኪም እንዲህ ብሎ ቢኮራ ምን እንለው ነበር? ለመምህሩ ሲሆን ግን ጥብቅነት አልነው። የሒሳብ ክፍል ወንፊት ነው፤ ያላለፈው ገለባ ነው ብዬ እኔም አምን ነበር።

ይህን እምነቴን ያፈረሰው አንድ ጥናት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዩሪ ትራይስማን የተባለ ተመራማሪ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ፣ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን በብዛት እንደሚወድቁ ለማወቅ ተነሣ። መምህራኑ የሰጡት ምክንያት ለእኛም ጆሮ አዲስ አይደለም። መሠረታቸው ደካማ ነው፣ ፍላጎት የላቸውም፣ ቤተሰብ አይደግፋቸውም። ትራይስማን ግን 20 ጥቁር እና 20 ትውልደ ቻይና ተማሪዎችን እየተከተለ አጠናናቸውን ተመለከተ። ጥቁሮቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ አጥኑ የተባሉትን ሰዓት ያህል ያጠናሉ፤ ግን ብቻቸውን። ትውልደ ቻይናዎቹ ለየብቻ ከሠሩ በኋላ ማታ ተሰብስበው መልሳቸውን ያስተያያሉ፣ ይተራረማሉ። አንዱ ያልገባው ሌላውም እንዳልገባው ያያል፤ ስለዚህ ጥያቄው ከባድ ነው እንጂ እኔ ደንቆሮ ነኝ አይልም። ትራይስማንም ተማሪዎችን በቡድን ሰብስቦ፣ «ደካሞች» ብሎ ሳይፈርጅ፣ ከመደበኛው የሚከብድ ጥያቄ ሰጣቸው። የብዙዎቹ ውጤት ተለወጠ።

«ይኼማ እኛም ጋ ነበር፤ አንድ ለአምስት!» የምትሉ አትጠፉም። በቅርጹ ይመሳሰላል። ነገር ግን የእኛው ከላይ የወረደ፣ ቃለ ጉባኤ የሚያዝበት፣ ሪፖርት የሚላክበት ነበር። አጠገቡ ያለውን በጎሪጥ የሚያይ ተማሪ እንዴት ብሎ «ይሄ አልገባኝም» ይበል? አልገባኝም ማለት መተማመንን ይጠይቃል። መተማመን ደግሞ በመመሪያ አይመጣም።

ለነገሩ ከበርክሌይም በፊት የቆሎ ተማሪ ነበረልን። ታላቁ ተማሪ ታናሹን እያስቀጸለ፣ ራሱም እያስተማረ ይማራል። መምህሩ አንድ ቢሆንም አስተማሪው ብዙ ነው። ዘመናዊውን ዩኒቨርሲቲ ስናቋቁም ይህን ከደጅ ጥለነው ገባን።

ጥፋቱን ሁሉ በመምህሩ ላይ መከመር ግን ግፍ ነው። የ70/30 ፖሊሲ ወጥቶ አብዛኛው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲጎርፍ፣ መምህሩና ላቦራቶሪው በዚያው ልክ አላደገም። በታጨቀ አዳራሽ የማን ፊት እንደጨለመ በምን ያውቃል?

ዛሬ ጉዳዩ ይበልጥ ያሳስባል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሪሜዲያል ትምህርት የተጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለተኛ ዕድል መስጠቱ መልካም። ነገር ግን ያንኑ ሌክቸር ጮክ ብሎ መድገም ከሆነ ድጋፍ አይባልም። ለተማሪው የሚያስፈልገው ሳያፍር የሚሳሳትበት ቦታ፣ አብሮት የሚሳሳት ጓደኛ፣ አጠገቡ ቆሞ «እስቲ እንዴት አሰብከው?» የሚል ታላቅ ነው። ለዚህ ደግሞ ከማታ ክፍልና ከጥቂት ትልልቅ ተማሪዎች ሌላ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የእህቴን ልጅ «ሦስት ሰው ፈልግ» ብዬ ሸኘሁት። በቀደም ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ አራት ሆነናል። ትናንት በአንድ ጥያቄ እስከ እኩለ ሌሊት ስንጨቃጨቅ አመሸን፤ ማንም አልሠራውም።»

ውጤቱ ገና ነው። ያስደሰተኝ ግን «ጭንቅላት የለኝም» አለማለቱ ነው።