ካቡን የካበው ማን ነው? የገበሬ ቤተሰብ ትውስታና የኮንሶ እርከን

የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። የመዝገቡን ገለጻ የሚያነብ ሰው ተራራውን የከበቡትን የድንጋይ እርከኖች፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዙር በካብ የታጠሩትን መንደሮች፣ ሞራ የሚባሉትን የመሰብሰቢያ አደባባዮችና ለየትውልዱ የሚተከሉትን ድንጋዮች ያገኛል። የባህሉ ዕድሜ 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ መሆኑም ተጽፏል። ድንጋዮቹ ላይ ግን ጽሑፍ የለም። የትኛው ለየትኛው ትውልድ እንደ ቆመ የሚናገር ሰው ከሌለ ድንጋይ ብቻውን ትውልድ አይቆጥርም። እንዲህም ሆኖ የገበሬ ቤተሰቦችን ትውስታ መቅዳት በቅርስ ጥበቃ ሥራ ብዙ ጊዜ እንደ ማጀቢያ ይታያል፤ ልኬቱና ካርታው ካለቀ በኋላ ጊዜ ከተረፈ የሚሠራ።

እርከን አንዴ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም። ካቡ አፈሩን ይይዛል፣ የዝናቡን ውኃ ያቁራል፣ የተረፈውን ጉዳት ሳያደርስ ወደ ታች ያሳልፋል። ኃይለኛ ዝናብ አንዱን ካብ ከናደው ጎርፉ ከሥር ያለውን የጎረቤት ማሳም ይዞ ይሄዳል። ማፋሰሻው በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ምን ዓይነት ድንጋይ ለመሠረት እንደሚሆን፣ ለጥገናው ማን እንደሚጠራና ምን እንደሚቀርብለት የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው። የሳተላይት ምስል የእርከኑን ቅርጽ ያስቀራል፤ በማሽላው መሀል ያለው የሽፈራው ዛፍ ለምን እዚያ ቦታ እንደ ተተከለ፣ ወይም የትኛው ካብ በየትኛው ክፉ ዓመት ጉልበት ጠፍቶ ሳይጠገን እንደ ቀረ አይናገርም።

በኮንሶ ላይ ከተጻፉት መጻሕፍት ሁለቱ እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። ክሪስቶፈር ሃልፓይክ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት ሕዝቡን በዋናነት በእሴቶቹና በማኅበራዊ አደረጃጀቱ በኩል ያየዋል። ኤልዛቤት ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው መጽሐፍ ደግሞ እርከኑን ከተቋማት ጋር ታስተሳስራለች፤ ፖቃላ የሚባሉት የጎሳ መሪዎች፣ የመሬትና የጉልበት ግንኙነቱ፣ ሥርዓተ አምልኮውም የእርሻው አካል ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የገባው የሉተራን ሚሲዮንና የ1966 ዓ.ም. አብዮት እነዚህን ግንኙነቶች ሲያናጉ እርከኑንም ይነካሉ ማለት ነው። የዋትሰን ክርክር ቅርሱን ከድንጋይ ወደ ሰው ስለሚመልሰው ጠንካራ ነው። በሁለቱም ሥራዎች ግን ገበሬው የሚሰማው በተመራማሪው አንደበት ነው። ከአያት እስከ ልጅ ልጅ አንዱ ቤት ስለ አንዱ ማሳ የሚለው ነገር፣ በራሱ ቋንቋና በራሱ ድምፅ፣ ሌላ ዓይነት ሰነድ ይሆናል።

ሰነድ ሲባል ግን የዋህነት አያሻም። አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት ያጠናው የርስት ሥርዓት (መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ወጣ) ይህን በደንብ ያሳያል። በዚያ ሥርዓት መሬት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም በኩል ከአቅኚ አባት መወለድን በመቁጠር ነበር። የዘር ሐረግ ማስታወስ መሬት ያስገኛል፣ መርሳት ያሳጣል። አዋቂ ተከራካሪ የትኛውን መስመር ማንሳት፣ የትኛውን መተው እንደሚጠቅመው ያውቃል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ይህ የክርክር መንገድ ተዘጋ፤ ይሁንና «ይህን ድንበር የከለለው አያቴ ነው» የሚል ቃል ዛሬም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

የሌላ ሰው ታሪክም ወደ ቤተሰብ ትውስታ ይገባል። ኢትዮጵያ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ 40 በመቶዋ ደን ነበር የሚለው አባባል ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም ቢቆይም፣ የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ መካን በቂ ማስረጃ እንደሌለው አሳይቷል። ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት እ.ኤ.አ. በ1868 የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዘው በሰሜን ኢትዮጵያ እነዚያኑ ቦታዎች ደግመው ሲያነሡ፣ በብዙዎቹ ላይ የዛሬው የዕፅዋት ሽፋን ከያኔው ተሽሎ አገኙት። ስለዚህ ሽማግሌ «ዱሮ ይህ ሁሉ ጫካ ነበር» ሲሉ ቀጂው ዝም ብሎ መቅዳቱ አይበቃም። የትኛው ዛፍ? እርስዎ አይተውታል ወይስ ከልማት ሠራተኛ ሰሙት? ማን ቆረጠው፣ ለምን? ማሳው ላይ እየተራመዱ የሚጠየቁ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች የታየውን ከተሰማው ይለያሉ።

ማን እንደሚጠየቅም እንዲሁ ወሳኝ ነው። ሞራ ወንዶች የሚሰበሰቡበት፣ ወጣቶች የሚያድሩበት ስፍራ ነው፤ ቀጂው እዚያ ብቻ ከተቀመጠ ዘሩንና ጎተራውን የሚያውቁትን ሴቶች ሳይሰማ ይመለሳል። በሃልፓይክ ጥናት እንደሚነበበው፣ አንጥረኞች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ከገበሬው ጋር በጋብቻ የማይተሳሰሩ ተለይተው የሚታዩ ወገኖች ነበሩ። እርከኑ የተቆፈረበትን ብረት የቀጠቀጠው እጅ የእነሱ ነው። የገበሬ ቤተሰብ ኩሩ ትውስታ ብቻ ከተቀዳ መገለሉ በቅርስ ስም ይደገማል።

የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዙፍነት የሌለውንም ቅርስ ስለሚያውቅ ለሥራው የሕግ መሠረት አለ። የሚቀረው የአሠራር ጉዳይ ነው። ቅጂው አዲስ አበባ ብቻ ከተቀመጠ ባለቤቶቹ ሊሰሙት አይችሉም፤ በኮንሶ ከተማ በካራት ለሁሉም ክፍት ከሆነ ደግሞ የድንበር ንግግር ነገ ለክስ ሊውል ይችላል። በመሆኑም ተናጋሪው የትኛው ክፍል ለስንት ጊዜ እንደሚዘጋ መቅረጫው ከመከፈቱ በፊት መወሰን፣ ቅጂውም በኮንሶኛ እንዳለ ለቤተሰቡ መድረስ አለበት።