«የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት» ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ

«የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት» በሚል ስም በእንግሊዝኛ የተጻፈው ባለ 8 ቅጽ መጽሐፍ፣ በ1980 በአዲስ አበባና በስዊድን አገር በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ሊቃውንት ትብብር የተጀመረ የብዙ ዓመት ድካም ፍሬ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቅጾቹ በተራቸው አልወጡም፤ በ1989 ቀድሞ የታተመው ሦስተኛው ሲሆን፣ አንደኛውና ስምንተኛው በ2009 የመጨረሻ ሆነው ወጡ። ስድስት ሺህ ያህል ዝርያዎች ተገልጸውበታል።

ዋጋውን ለማወቅ ከእርሱ በፊት የነበረውን ማስታወስ ይበቃል። አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 ያሳተመው መጽሐፍ በላቲን ቋንቋ የተጻፈ፣ ደራሲው አገሪቱን ሳያይ ሌሎች ሰብስበው በላኩለት ደረቅ ዕፀዋት ላይ የተመሠረተ ነበር። ጌኦርግ ኩፎዶንቲስ ከ1953 ጀምሮ ያወጣውም የስም ዝርዝር እንጂ መለያ አልነበረም። አዲሱ መጽሐፍ ግን ለተማሪው የመለያ ቁልፍ ሰጠው። ቁልፉ ሁለት ሁለት ምልክቶች እያቀረበ፣ ቅጠሉ ፊት ለፊት የበቀለ ነው ወይስ እየተፈራረቀ፣ ፍሬው ሲደርቅ ይሰነጠቃል ወይስ አይሰነጠቅም እያለ ይጠይቃል፤ ተማሪውም አንዱን በመረጠ ቍጥር ወደ ስሙ ይቀርባል። ዓይንን የሚያሠለጥን መልካም ዘዴ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ስሙ ከተገኘ በኋላ ነው። ያገሩ ስም በላቲን ፊደል ተጽፎ፣ ከጎኑ የቋንቋው ምልክት ብቻ ተደርጎበት ይታለፋል። ማን እንደ ተናገረውና በየትኛው መንደር እንደ ተሰማ አይታወቅም። መጽሐፉ የሕዝብን ዕውቀት ልመዝግብ ብሎ አልተነሣምና አይወቀስም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ለሊቃውንት የተጻፈው መጽሐፍ ለተማሪም ዋና መመሪያ ሆኗል፤ ተማሪውም መጽሐፉ የዘለለውን ሁሉ እንደማይረባ መቍጠርን ሳይታወቀው ይማራል።

የሕዝቡ አከፋፈልና የሊቃውንቱ አከፋፈል በአንድ ቦታ ላይ አይገጥሙም። ግራር የሚለው ቃል ብዙ ዝርያዎችን ያጠቃልላል፤ አደይ አበባ የሚባለውም ከአንድ ዝርያ በላይ ነው። እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ከሕዝቡ ይልቅ ይለያሉ። እንሰት ግን ለመጽሐፉ አንድ ዝርያ ብቻ ሲሆን፣ የሲዳማ፣ የጌዴኦና የጉራጌ ገበሬዎች በቀለሙ፣ በቁመቱ፣ ቆጮው ወይም ቃጫው በሚሰጠው ጥቅም እየለዩ እጅግ ብዙ ስሞች ያወጡለታል። የመጽሐፉ ቁልፍ ከሚያበቃበት የእንሰት ፋቂዋ መለያ ይጀምራል ማለት ነው። ተማሪው ይህን ከክፍል ውስጥ ሊያገኘው አይችልም።

ለላቲኑ ስም ጽናት የሚሰጠው ክብርም ልክ ሊኖረው ይገባል። በሦስተኛው ቅጽ አካሺያ ተብለው የተመዘገቡት ግራሮች፣ በ2005 በቪየና የተደረገው ጉባኤ ያን ስም ለአውስትራልያ ዛፎች እንዲቀር ስለ ወሰነ፣ ዛሬ ቫኬሊያና ሴኔጋሊያ ወደሚባሉ ወገኖች ተዛውረዋል። ተማሪው ስሙን እንደ ገና ያጠናል፤ እረኛው ግን ግራሩን ግራር እንዳለ ነው።

ነገሩ የስም ክርክር ብቻ እንዳይመስል የእንዶድን ታሪክ መመልከት ያሻል። የእንዶድ የላቲን ስም ከ18ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በመዝገብ የኖረ ነው። ዶክቶር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የተረዱት ግን በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው። ዕፁንና የአጣቢዎቹን ሥራ አያይዞ የተመለከተ ዓይን ባይኖር፣ የቅጠሉና የአበባው መግለጫ ብቻውን እዚያ አያደርስም ነበር። ልብስ በሳሙና መታጠብ ከጀመረ ወዲህ እንዶድ ለቅመው፣ አድርቀው፣ ወቅጠው የሚያውቁት እናቶች እያነሱ ይሄዳሉ፤ የሚያውቁትን የጠየቃቸው ተማሪም ጥቂት ነው።

መጽሐፉን እንደ ገና መጻፍ አያስፈልግም። ተማሪው በመስክ ሰብስቦ፣ ጨምቆና አድርቆ ለብሔራዊው የዕፀዋት ስብስብ የሚያቀርበው ናሙና የተለጠፈበት ወረቀት ቦታውን፣ ከፍታውን በሜትር፣ ቀኑንና የሰብሳቢውን ስም ይይዛል። በዚያው ወረቀት የአማርኛውን ስም ጠና ተ፣ ቀና ከ በማይደባለቁበት በግዕዝ ፊደል፣ የኦሮምኛውን በቁቤ፤ የተናገረውን ሰው መንደርና ሥራ፤ ባለ አገሩ ስፍራውን ቆላ ወይስ ወይና ደጋ እንደሚለው፤ ዕፁ ለምን እንደሚያገለግል ለመጨመር አራት መስመር ይበቃል።