የሐረር ስፌትና የሰፊይቱ ስም

በድሬዳዋ የምንኖር ሰዎች የሐረርን ስፌት ዕለት ዕለት ስለምናየው መመርመሩን ትተነዋል። እንግዳ ግን ከሩቅ አገር መጥቶ በደስታ ይገዛዋል፤ አገሩም ሲገባ ከግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። እኛ የቤት ዕቃ ነው እንላለን፤ እርሱ ጌጥ ነው ይላል። ከሁለቱ ፍርድ ማናቸው እውነተኛ እንደ ሆነ መመልከት ይገባናል።

በጁገል ግንብ ውስጥ ወደ ሐረሪ ቤት የገባ ሰው ሰፌዱ ከነደባው በላይ በግድግዳው በተርታ ተሰቅሎ ያያል። በሠርግና በግብዣ ጊዜ ደግሞ በስፌት መብል ይቀርባል። እንግዲህ ጌጥና ዕቃ መሆን በሐረር ሴቶች ዘንድ የተለያየ ነገር አይደለም። ካህናትም ይህን ያውቁታል፤ ኅብስቱ ከቤተ ልሔም ወደ መቅደስ የሚመጣበት መሶበ ወርቅ ቢያምር ስለሚሸከመው ነገር ክብር ነው እንጂ ለዓይን ብቻ አይደለም።

ሥራው እንዲህ ነው። የሣሩ እስር ከመካከል ነጥብ ተነሥቶ እየዞረ ይሄዳል፤ ሰፊይቱም በወስፌ እየበሳች፥ በቀጭን ሣር እየጠቀለለች፥ ዙሩን ካለፈው ዙር ጋራ ታያይዘዋለች። ዙሩ በሰፋ ቍጥር ሐረጉም አብሮ መስፋት ስላለበት ቍጥሩን በልቧ ትይዛለች። ሠዓሊ ስሕተቱን በቀለም ላይ ቀለም ደርቦ ይሸፍናል፤ እርስዋ ግን የሳተችውን መፍታት አለባት።

በቀፊራ ገበያ ሁለት ሰፌድ ጎን ለጎን አይቼ ነበር። አንዱ በደማቅ ቀለም የተሞላ ነው፤ ነገር ግን ዙሩ ወፍራም፥ ስፌቱም የተራራቀ ስለ ነበረ በጣት ሲጫኑት ይጎብጣል። የሁለተኛው ቀለም ጥቂት፥ ስፌቱ ግን ጥቅጥቅ ያለና ደቂቅ ነበረ፤ ጀርባውም እንደ ፊቱ የጠራ ነው። ነጋዴው ለሁለቱም አንድ ዋጋ ጠራ። ጥፋቱ የሰፊይቱ አይደለም፤ ሳንመረምር የምንገዛ የእኛ ነው። መልካሙ ሥራ ከመጥፎው ጋራ በአንድ ዋጋ ከተሸጠ፥ ደክማ የምትሰፋ ሴት ነገ ስለ ምን ትደክማለች?

ይህ ነገር በእኛ ብቻ አልደረሰም። በአሜሪካ በአሪዞና የሚኖሩ የአፓቼ ሴቶች ከአኻያ ቅርንጫፍ ይህንኑ የሚመስል የዙር ስፌት ይሰፋሉ፤ ጥቁሩንም ሐረግ ቀለም ሳይነክሩ ከአንድ የበረሃ ተክል ፍሬ ቅርፊት ያወጡታል። ባቡር ወደዚያ አገር ገዥዎችን ባመጣ ጊዜ ስፌታቸው ከቤት አገልግሎት ወጥቶ ወደ ሙዚየም ገባ። ድሬዳዋም ራስዋ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1902 ከጅቡቲ ሲደርስ ተቈረቈረች። ነገር ግን በብዙዎቹ የአፓቼ ስፌቶች ላይ የሰብሳቢው ስም ሲጻፍ የሰፊይቱ ስም ቀርቷል።

ጁገልም እንደዚያው አቆጣጠር በ2006 ከዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ግንቡ ከተመዘገበ፥ በግንቡ ውስጥ ያለውን ቤት ያስጌጠች እጅ ለምን ያለ ስም ትቀራለች? ስለዚህ ስፌት የምትገዛ ሰው ሆይ፥ አስቀድመህ ገልብጠህ ጀርባውን ተመልከት፤ ለደቂቁ ስፌት የሚገባውን ዋጋ ክፈል፤ ከዚህም በኋላ ማን እንደ ሰፋችው ጠይቀህ ስሟን ጻፍ።