ወደ ኋላ የዞሩ ነጥቦች

ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ አናት፣ የወረደበትን ጋራዥ ለመመዘን መፍቻዎቹን መቁጠር አያስፈልግም፤ ካርቶኑን ማየት ይበቃል። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ከዘይት ማሸጊያ ካርቶን አንዱን ቀዶ የቴስታታውን ቅርጽ ይነድፍበታል፤ ከዚያ ብሎኖቹ በተሰለፉበት ልክ በካቻቢቴ ጫፍ ይበሳዋል። ከሞተሩ የወጣ ብሎን ሁሉ በየቀዳዳው ይሰካል። የትኛው ዝጎ እንደ ወጣ፣ የትኛው ውሃ እንደ ነካው፣ የትኛው ያለ ትግል እንደ ተፈታ እዚያው ላይ ይነበባል። ዶሃ ውስጥ፣ ሰናዒያ በሚባለው የጋራዦች ሰፈር፣ አንድ ሐበሻ መካኒክ ዘንድ ያየሁት ካርቶን በአንዱ ጫፍ «ፊት»፣ በሌላው «ኋላ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአማርኛ።

ሰናዒያ ከዶሃ መሐል በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ሳዑዲ ድንበር ከሚወስደው የሳልዋ መንገድ አጠገብ የተዘረጋ ሰፊ ሰፈር ነው። መንገዶቹ የሚጠሩት በቁጥር ነው። ጎሚስታው፣ ባትላሜራው፣ ቶርኖ ቤቱ፣ ራዲያተር ጠጋኙ፣ የአሮጌ ዕቃ ሻጩ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ የኬረላው ሰው፣ ፓኪስታኒው፣ ፊሊፒኖው፣ ግብጻዊውና ሱዳናዊው በተሰባበረ ዐረብኛና በኡርዱ ይግባባሉ። ሐበሻ በኳታር ይበልጥ የሚታወቀው በቤት ሥራና በሾፌርነት ስለሆነ፣ መፍቻ የያዘ ሐበሻ ሲገኝ ወሬው በሾፌሮች ስልክ ቶሎ ይዛመታል። እኔ ያየሁት ጋራዥ ሁለት መኪና ብቻ የሚያስገባ ነው። ፈቃዱ በኳታሪው ባለቤት ስም ነው፤ ደንበኛውን የሚያመጣው ግን የመካኒኩ እጅ ነው።

የዚያን ቀን ደንበኛ የሆነው ሾፌር የአሠሪውን አሮጌ ላንድክሩዘር ይዞ ነው የመጣው። ኤይቲ ሲሪስ የሚሉት ዓይነት፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.5 ሊትር ቤንዚን፣ ቶዮታ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራው ዋን ኤፍ ዜድ ሞተር ያለው። አዲስ መኪና በሞላበት አገር ሽማግሌው አሠሪ ይህን አልሸጥም ያሉት በረሃ ላይ ላለው እርሻቸው ስለሚወዱት ነው።

«ጋሼ፣ ውሃ ይጎድላል። መሬት ላይ ግን አንድ ጠብታ የለም።»

«ጠዋት ስታስነሣው ያነክሳል?»

«ትንሽ። ለአንድ ደቂቃ ያህል፤ ከዚያ ይስተካከላል።»

«ጭሱስ?»

«ነጭ። እኔ ደግሞ የጠዋት ርጥበት መስሎኝ።»

ከዚህ በኋላ ብዙዎች ቁልፍ ያነሣሉ፤ መካኒኩ ግን መኪናው እንዲያድር አደረገ። በማግስቱ ጠዋት ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሥቶ የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ በመዳፉ ጨበጠ። ውሃው ገና ሳይሞቅ ቱቦው ከጠነከረ፣ የነፋው የውሃ ትኩሳት ሳይሆን ከሲሊንደር ያመለጠ ጋዝ ነው። ጠነከረ። ይህም አልበቃውም፤ በራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ ብልቃጥ ደቀነበት። የተቃጠለ ጋዝ ሲነካው ወደ ቢጫ የሚለወጥ ፈሳሽ ነው፤ ተለወጠ። ቀጥሎ ስድስቱን ካንዴላዎች ፈትቶ በጨርቅ ላይ በተራ ደረደራቸው። አምስቱ ቡናማ ጥላሸት አላቸው፤ የስድስተኛው አፍ ግን ነጥቶ ታጥቦ የወጣ ይመስላል። ታጥቧል እንጂ! በቴስታታው ሥር ባለው ማሸጊያ፣ በጓርኒሲዮኑ፣ ሾልኮ የገባው ውሃ በየጠዋቱ በእንፋሎት ሲያጥበው ነው የከረመው። ሞተሩ ሳይከፈት በሽታው፣ ቦታው፣ መንገዱ ታወቀ። ለዚህ ሁሉ የወጣ ወጪ የለም ማለት ይቻላል፤ የባከነው አንድ ሌሊት ነው።

ቴስታታው አልሙኒየም ነው፣ ከሥሩ ያለው ሞኖብሎክ ደግሞ ብረት። ሁለቱ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ ጓርኒሲዮኑ በመካከላቸው ዕድሜ ልኩን ሲታሽ ይኖራል። ስለዚህ ብሎኖቹ ሲፈቱም ሥርዓት አላቸው፦ ከዳርና ከዳር ተጀምሮ ወደ መሐል፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት እየላሉ። አንዱን ጫፍ ቶሎ የፈታ ሰው የዳነውን ቴስታታ በገዛ እጁ ያጣምመዋል። የታይሚንግ ሰንሰለቱም ወደ ታች እንዳይወድቅ በሽቦ ታስሮ ይንጠለጠላል። መካኒኩ ያሰረበት ሽቦ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነበር፤ ረዳቱን እንዳይቧጥጠው።

ብዙ ሰው የማያየው ሥራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አሮጌው ጓርኒሲዮን ሲነሣ በብረቱ ፊት ላይ ጥቁር ቅርፊት ይቀራል። ሰናዒያ ውስጥ አየር በሚያሽከረክረው መሣሪያ ላይ የሸካራ ጨርቅ ክብ ገጥሞ በአምስት ደቂቃ የሚያብለጨልጭ ሞልቷል። ፊቱ ያምራል። ነገር ግን ከዚያ ክብ የሚረግፈው ዱቄት ብረት የሚበላ ነው፤ ዘይት ውስጥ ገብቶ የክራንክ ኩሽኔታዎችን ይጨርሳል፤ የመኪና አምራቾችም ያስጠነቅቁበታል። ይህኛው መካኒክ ስለት ያለው ምላጭ ይዞ፣ ለጥ አድርጎ አጋድሞ፣ እየገፋ ሳይሆን እያንሸራተተ ነበር የሚፍቀው። ሲሊንደሮቹን በጨርቅ ወትፏቸዋል፤ የውሃውንና የዘይቱን ቀዳዳዎችም እንዲሁ። አንድ ጥግ ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ምላጭ ለወጠ። ላቡ ብረቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሩን በፎጣ አስሯል።

ሙቀቱን ሳያነሡ ስለ ዶሃ ጋራዥ ማውራት አይቻልም። ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ ላይ መሥራት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ደንቡ በ2021 ጠብቋል። ጋራዡ ጣሪያ አለው፤ ቆርቆሮው ግን ምን እንደሚያደርግ የገባበት ያውቀዋል። ከቀትር በኋላ መሬት ላይ የከረመ መፍቻ በጓንት ነው የሚነሣው።

ቴስታታው ሲጸዳ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቁም፣ በአግድምና በሰያፍ ይጋደምበታል። በማስመሪያውና በብረቱ መካከል ስስ የብረት ቅጠል ይሾልክ እንደሆነ ይሞከራል፤ የሚፈቀደው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ወዲህ ወዲያ ነው። ካለፈ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጋል። እዚህም መካኒኩ ከቶርኖው ሰው ጋር ሲከራከር ሰማሁ፦ «የሚበቃውን ብቻ። ለውበት ብለህ አንዲት ፀጉር እንዳትጨምር።» ብረቱ በተላገ ቁጥር ሲሊንደሩ አናት ላይ ያለው ቦታ ይጠባል፣ እመቃው ይጨምራል፤ በዶሃ ሐምሌ ደግሞ በእመቃ ላይ እመቃ ማለት ሞተሩ ማሰሮ ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ሲንኳኳ መስማት ነው።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ የብሎን ጉድጓዶቹ ነበሩ። ቴስታታው ሲነሣ ውሃና ዘይት ወደ ጉድጓዶቹ ይወርዳል። ፈሳሽ አይታመቅም፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ከሥሩ የቀረው ጠብታ ይገፋዋል፣ ቶርክ ሬንቹም ልኩ ደረሰ ብሎ ቀጭ ይላል። ብሎኑ ግን አልያዘም። ከባሰም ሞኖብሎኩ ይሰነጠቃል። መካኒኩ እያንዳንዱን ጉድጓድ በንፋስ አጸዳ፣ በቀጭን ሽቦ ላይ በጠቀለለው ጨርቅ ወለወለ፣ ባትሪ እያበራ ወደ ውስጥ አየ፣ እንደገና ወለወለ። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ። ብሎኖቹንም በካሊፐር ለካ፤ የቀጠነ ይጣላል።

ከዚህ ጋር አንድ ያልተጠየቀ ነገር ሠራ። በዚህ ሞተር ላይ፣ ከኢንቴክ ማኒፎልዱ ሥር፣ ወደ ሾፌሩ ክፍል ግድግዳ ተጠግታ የተደበቀች አጭር የሂተር ጎማ አለች። ማኒፎልዱ ቦታው ላይ እያለ እጅ በቀላሉ አይደርስባትም፤ ስለዚህ ዓመታት ትረሳለች፤ ከዚያ አንድ ቀን በረሃ መሐል ትፈነዳለች። የኤይቲ ባለቤቶች በዓለም ሁሉ ያውቋታል። ቴስታታ ሲወርድ ግን መንገዱ ክፍት ነው። ጎማዋ ከጥቂት ሪያል አትበልጥም። ያልቀየራት ሰው ስንፍናው የሚታወቀው እሱ ከሌለ በኋላ ነው።

ማጥበቁ ከመሐል ወደ ዳር ነው። ሰባት ጥንድ፣ 14 ዋና ብሎኖች። በመጀመሪያ ሁሉም በየተራ፣ በበርካታ ዙር፣ 39 ኒውተን ሜትር እስኪደርሱ። ከዚያ ቶርክ ሬንቹ ይቀመጥና ነጭ ቀለም ይመጣል፦ በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ፣ ወደ ሞተሩ ፊት በኩል፣ አንዲት ነጥብ። ከዚያ እያንዳንዱ ብሎን 90 ዲግሪ ይዞራል፤ 14ቱም ነጥቦች ወደ ጎን ያያሉ። ቀጥሎ ሌላ 90 ዲግሪ፤ አሁን ሁሉም ወደ ኋላ ዞረዋል። ልክ የሚያሳየው መርፌ ሳይሆን አንግል ነው፤ ምክንያቱም እዚህ የሚፈለገው ብሎኑ በትክክል የተለጠጠበት መጠን እንጂ ክንድ የተሰማው ክብደት አይደለም። መካኒኩ ሲጨርስ ረዳቱን ጠርቶ «ቁጠር» አለው። ልጁ ጣቱን እየጠቆመ ቆጠረ። ወደ ጎን የቀረ የለም። ክዳኑ ሲገጠም ነጥቦቹ ተሸፈኑ፤ ከእንግዲህ የሚያያቸው ሌላ ጊዜ የሚከፍተው ሰው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ መፍቻ እያቀበለ ያደገ መካኒክ እዚህ ሲደርስ የሚቀይረው ነገር አለ። የአገር ቤት ጋራዥ ብልሃት ብዙ ጊዜ ይወደሳል፤ ዕቃ በሌለበት ዕቃ መፍጠር፣ የተጣለን ማስነሣት። እውነት ነው፤ በመለዋወጫ ገበያው በሶማሌ ተራ ዳር የሰለጠነ ዓይን የሞተ የሚመስል ዲናሞ ውስጥ ገና የሚሠራውን ግማሽ ያያል። ግን ብልሃቱ ጎጂ ልማዶችም አሉት፦ ያረጀ ብሎን ሳይለኩ መልሶ መግጠም፣ በክንድ ስሜት ማጥበቅ፣ ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ መሙላት። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ምሽቱም ቀዝቃዛ ነው፤ ሞተሩ በቀጭኑ አየር ጉልበቱን ቢያጣም የሚያርፍበት ጊዜ አያጣም። ዶሃ ባሕር ጠለል ላይ ናት፤ ሞተሩ አየር ይጠግባል፣ ጉልበቱም ይመለሳል፣ የሚያቀዘቅዘው ንፋስ ግን በሙቀቱ ወራት ራሱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል። እዚህ የራዲያተር ክዳን ላስቲክ እንኳ ይመረመራል፤ ግፊቱን ካልያዘ ውሃው ያለ ጊዜው ይፈላል። መካኒኩ ከአገር ቤት የያዘው ዓይኑን ነው፤ እጁን ግን እንደገና አስተምሮታል። ዶሃ በበኩሏ ሌላ በሽታ አላት፦ ዕቃው ቀጣዩ መንገድ ላይ ስለሚገኝ፣ ያልታመመውንም ሳይመረምሩ መለወጥ።

መካኒኩ ከዚህ በሽታ መራቁ ፋኑ ላይ ታየ። የድሮው ላንድክሩዘር ፋን ከሞተሩ ጋር በቀጥታ አልታሰረም፤ በመካከል ሲሊኮን ዘይት የያዘ ድስክ አለ፤ ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲሞቅ ከፊቱ ያለችው ጥቅል ብረት ትዞርና ዘይቱን ትለቃለች፣ ፋኑም ሞተሩን ይከተላል። ዘይቱ ሲያረጅ ፋኑ ይሰንፋል። ሙሉውን መለወጥ ይቻል ነበር። መካኒኩ ከፍቶ አጠበው፣ ከትንሽ ቱቦ አዲስ ሲሊኮን ሞላው፣ ዘጋው። ከዚያ ቀይ ኩላንቱን ሞልቶ አየሩን ለማስወጣት የመኪናውን ሂተር እስከ መጨረሻው ከፈተ። ነሐሴ ላይ፣ ዶሃ ውስጥ፣ ሂተር! ሾፌሩ መሪው ጋ ተቀምጦ ነዳጅ እንዲረግጥ ተፈርዶበት ነበርና እንደ ተጠበሰ ወጣ።

ሒሳቡ አጭር ነበር፦ ጓርኒሲዮን፣ ሁለት ብሎን፣ የቶርኖ፣ ዘይትና ኩላንት፣ ሲሊኮን፣ የሂተር ጎማ፣ የእጅ ዋጋ። ሾፌሩ በአሠሪው ስም ተከራክሮ ሃምሳ ሪያል አስቀነሰ። መካኒኩ አልተቀየመም፤ የተቃጠለውን ጓርኒሲዮን ከነስድስተኛው ካንዴላ በላስቲክ ጠቅልሎ «ለሽማግሌው አሳያቸው» ብሎ ሰጠው፤ በሚቀጥለው ወር ፋሕስ ወደሚባለው የመኪና መመርመሪያ ከመሄዱ በፊትም ጎማዎቹን እንዲያሳይ ነገረው።

«ሳምንት ስትነዳው ቆይ። ከዚያ ጠዋት አስነሣውና ውሃው ሳይሞቅ የላይኛውን ቱቦ ጨብጠው።»

«ከዚያስ፣ ጋሼ?»

«ለስላሳ ከሆነ አትደውልልኝ።»